መክሳት የቁርጠኝነት ጉዳይ ብቻ ነውን?

በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገዶች ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆችን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ጥቂት ብር ተቀብለው ክብደታችንን ይነግሩናል። ቀደም ባለው ጊዜ በዚያ ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲያገኘው ደስ ይለው እንደነበር ታላላቆቻችን ያጫውቱናል። ‹‹ምነው ከሳህ?›› የሚለው ቃል ዛሬም የሐዘኔታ ጥያቄ ነው፤ ‹‹ወፈርክ፣ ተመችቶሃል›› ማለት ደግሞ ሙገሳ ነበር። አሁን ግን፣ ቢያንስ በከተማና በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከሚዛኑ የሚወርደው ሰው ፊት ተለውጧል። ከግቢያችን በር አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይም ‹‹በ30 ቀን 10 ኪሎ ይቀንሱ›› የሚል ማስታወቂያ ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ከርሟል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ግን ማስታወቂያው አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር በአንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ራሷን ስታ ወደቀች። እንደ እድል ሆኖ በእጇ የያዘችው ቢከር አሲድ ሳይሆን ውሃ ነበረበት። በኋላ እንደነገረችን ከሁለት ሳምንት በላይ ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ቀን አንድ ሙዝና ጥቂት ሰላጣ እየቀመሰች፣ ማታ ደግሞ ምንም ሳትበላ ታድር ኖሯል። ከመውደቋ ይልቅ ያሳዘነን ቀጥላ የተናገረችው ነው። ‹‹ቁርጠኝነት ስለሌለኝ ነው፤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ አቋረጥኩት›› አለች። እኛም የሳይንስ ሰዎች ነን እያልን ሳለ አብዛኞቻችን በልባችን ተስማማን። ያ ስምምነታችን ስህተት እንደነበረ ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

የተለመደው ክርክር እንዲህ የሚል ነው። ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ስለዚህ የሚበላው ካሎሪ ከሚቃጠለው ሲበልጥ ሰው ይወፍራል፣ ሲያንስ ይከሳል፤ የቀረው የባለቤቱ ፈንታ ነው። የመጀመሪያው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ በሰው አካል ውስጥ ይሻራል የሚል ክርክር የለንም። ነገር ግን ሕጉ እውነት መሆኑ ብቻውን ማብራሪያ አያደርገውም። በመተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃ ሐይቅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እስኪሆን ድረስ ተንሰራፍቶ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ሲያስጨንቅ ኖሯል። አንድ ሰው ‹‹ሐይቁ የሰፋው ከሚወጣው ውሃ የሚገባው ስለበለጠ ነው›› ቢለን አልዋሸም፤ ሆኖም ምንም አልነገረንም። የተመራማሪዎች ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከመስኖ እርሻ የሚመጣው ትርፍ ውሃ ምን ያህል ነው? ከከርሰ ምድር የሚመነጨውስ? ስለ ውፍረት ስንነጋገር ግን ይህንኑ ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ ሐይቁን ‹‹ስነፍ ነህ›› ብለን የምንወቅስ እንመስላለን።

በሰው አካል ውስጥ ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ገቢውና ወጪው የማይተዋወቁ ሁለት ቧንቧዎች አለመሆናቸው ነው። አንዱን ስንነካ ሌላው ይለወጣል። ይህንን ከሁሉ በላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በአንሰል ኪስ መሪነት የተካሄደው የረኃብ ሙከራ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል በረኃብ የተጎዳውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት አድርጎ መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ሲባል 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ተመለመሉ። ወጣቶቹ ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው ጠመንጃ ማንሳትን እምቢ ያሉ ነበሩ። በጦርነት ዘመን እንዲህ ያለ አቋም ይዞ የአገሬውን ንቀት የቻለን ሰው ቁርጠኝነት የጎደለው የሚል ይኖራል ብለን አንገምትም።

እነዚህ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ እየተመገቡ፣ በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ልብ እንበል፤ ይህ የምግብ መጠን ዛሬ በየመጽሔቱ ‹‹ለመክሳት›› ከሚታዘዘው ብዙም አያንስም፤ እንዲያውም ከአንዳንዱ ይበልጣል። በዕረፍት ላይ ሳሉ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የልብ ምታቸው ዘገየ፤ በበጋ ሙቀት እንኳ ይበርዳቸው ጀመር። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ሳህናቸውን የሚልሱም ነበሩ። ሙከራው አልቆ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ከጠገቡ በኋላም ይርባቸው ነበር፤ የብዙዎቹም የስብ መጠን ከመጀመሪያው በልጦ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1950 በሁለት ቅጽ ታትሟል። ያቺ በቤተ ሙከራችን የወደቀችው ተማሪ ስለ ምግብ ከማሰብ በቀር ትምህርት አልገባኝ ብሎ እንደነበር ስትነግረን፣ የሚኒሶታ ወጣቶች ታሪክ ከ70 ዓመት በላይ ተሻግሮ በግቢያችን የተደገመ መስሎ ታየን።

ለመሆኑ ሰውነት ስቡ መጉደሉን በምን ያውቃል? ለዚህ መልሱ የተገኘው በአይጦች ምክንያት ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 ያለ ልክ የሚበሉና እጅግ የሚወፍሩ አይጦች ተገኙ። ከዓመታት በኋላ ዳግላስ ኮልማን የተባለ ተመራማሪ አንዱን ወፍራም አይጥ ከጤነኛ አይጥ ጋር በቀዶ ጥገና አያይዞ ደማቸው እንዲገናኝ አደረገ። ወፍራሙ መብላቱን ቀንሶ ከሳ። በሌላ ዘር ወፍራም አይጥ ላይ ይህንኑ ሲሞክር ግን የሆነው ሌላ ነው፤ ወፍራሙ እንደወፈረ ቀረ፣ ጤነኛው ግን መብላት አቁሞ በረኃብ ሞተ። ኮልማን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ የሚያስደንቅ ነው። በደም ውስጥ የሚጓዝ ‹‹ይበቃል›› የሚል መልእክት አለ፤ የመጀመሪያው አይጥ መልእክቱን መሥራት አይችልም፣ ሁለተኛው ደግሞ ይሠራል እንጂ አይሰማም።

ይህን መልእክት የሚያዘው ዘረ-መል እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ተገኘ። ሆርሞኑም ‹‹ቀጭን›› ከሚለው የግሪክ ቃል ተወስዶ ሌፕቲን ተባለ። የሚሠሩት ራሳቸው የስብ ሕዋሳት ናቸው። በዚህም ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ጮማ ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ አከተመ። ጎተራው ራሱ ስንት እህል እንደቀረው በየጊዜው ለባለቤቱ የሚያስታውቅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። መልእክቱን የሚቀበለው በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ሌፕቲን መሥራት የማይችሉ ሁለት ዘመዳም ሕፃናትን አገኙ። ሕፃናቱ ጥጋብ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላሉት ልጆች ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው የምግብ ፍላጎታቸው ወደ እኩዮቻቸው ልክ ይመለሳል። ከመርፌው በፊት እነዚህን ልጆች ‹‹ሆዳም›› ብሎ የገሠጸ ጎረቤት ምን ይሰማው ይሆን?

ሌፕቲን ግን የሁሉም ሰው መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። አብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ሌፕቲን አልጎደላቸውም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ አላቸው፤ ሃይፖታላመሳቸው ለድምፁ ደንቁሯል ቢባል ይቀላል። ሥርዓቱ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው መጠኑ ሲያሽቆለቁል ነው። ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ተመራማሪዎች የተገኘውና በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን የተባለው የረኃብ ሆርሞን ደግሞ ይወጣል። በአውስትራሊያ ሜልበርን በ50 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ለውጥ ከአንድ ዓመት በኋላም አልተመለሰም። በሌላ አነጋገር፣ ከከሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ሌላው ሰው በማይሰማው ረኃብ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ወጪውም እንዲሁ ይሸመቅቃል። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የመክሳት ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ጉዳይ ነው። በውድድሩ ማብቂያ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ግን 41 ኪሎው ተመልሶ ተገኘ። ከዚህ የሚያስገርመው፣ በዕረፍት ላይ የሚያቃጥሉት ኃይል ለአካላቸው መጠን ከሚጠበቀው በቀን በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት መሆኑና የከሱበት መንገድ ከልክ ያለፈ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ በሁሉም ሰው ላይ መጫን አይገባም። አቅጣጫው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ሩዶልፍ ላይበልና ባልደረቦቹ ካሳዩት ጋር ይስማማል፤ ክብደቱ በ10 በመቶ የቀነሰ ሰው የሚያወጣው ኃይል በአካሉ ማነስ ብቻ ከሚገመተው በላይ ይወርዳል።

ከመካከላችን አንዱ በምሰሶው ላይ ወዳለው ስልክ ደውሎ ‹‹ከ30ው ቀን በኋላስ?›› ብሎ ጠይቆ ነበር። ‹‹ከጨመሩ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ለነባር ደንበኛ ቅናሽ አለን›› የሚል መልስ አገኘ። በሆርሞን ጥናት የተገኘውን እውነት የስልኩ ባለቤት ከእኛ ቀድሞ በንግዱ ያወቀው ይመስላል።

እዚህ ላይ ስለ ‹‹ፈጣን›› ውጤት አንድ ነገር መግለጽ ይገባናል። ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ግማሽ ኪሎ ገደማ ስኳር ያከማቻሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሰው ምግብ በተወ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ክምችት ሲያልቅ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ያህል ይወርዳል። ስቡ ገና አልተነካም ማለት ይቻላል። የሚያስቀምጥ መድኃኒትና ሽንት የሚያበዛ ሻይ የሚያስወጡትም ውሃና ጨው ነው። ፖታሲየም በዚህ መንገድ ሲጎድል የልብ ምት ሊዛባ እንደሚችል የፊዚዮሎጂ ትምህርት የወሰደ ሁሉ ያውቃል። እባካችሁ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችሁ እንዲህ ሲያደርጉ ስታዩ ዝም አትበሉ።

ታዲያ የትኛው የአመጋገብ ዘዴ ይሻላል? ስብ መቀነስ ወይስ ካርቦሃይድሬት? በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ደግሞ 6 ኪሎ እንደቀነሱ ያሳያል፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። በሁለቱም ወገን ግን 30 ኪሎ ገደማ የቀነሰም፣ 10 ኪሎ ያህል የጨመረም ነበር። በዘዴዎቹ መካከል ካለው ልዩነት በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ይሰፋል። የዚህ ልዩነት ሥር በከፊል በዘር የሚወረስ ነው። በካናዳ ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቹ 12 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችን ለ84 ቀናት በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ መግበው ነበር። አንዱ 4.3 ኪሎ ሲጨምር ሌላው 13.3 ኪሎ ጨመረ፤ መንትዮቹ ግን እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ነበር። እኩል በልተው እኩል ያልወፈሩ ሰዎች በቁርጠኝነት ይለያያሉ ማለት አይቻልም።

ዘረ-መል ግን በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ የኢትዮጵያ ከተሞች ግን ተለውጠዋል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 በመቶ አደጉ። በዚያው በ2016 22 በመቶዎቹ ደግሞ ከልክ በላይ የከሱ ነበሩ። ምናልባት አንባቢ ‹‹ረኃብ ባልጠፋበት አገር ስለ ውፍረት መጻፍ ቅንጦት አይደለምን?›› ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የሚኒሶታው ሙከራ እንደሚያሳየው ስለ ረኃብ የምናውቀውና ስለ መክሳት የምናውቀው አንድ ዕውቀት ነው፤ ጎተራውን የሚጠብቀው ሥርዓትም ለረኃቡም ለጥጋቡም ያው ነው።

ስለ አካባቢ ለውጥ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ሊጠቀስ ይገባዋል። 20 ሰዎች በአንድ የምርምር ሆስፒታል ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተደረገ። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር። ሰዎቹ በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ትርፍ በሉ፤ ማንም ብሉ አላላቸውም። በግቢያችን ዙሪያ ባሉት ሱቆች ከለስላሳ መጠጥ፣ ከብስኩትና ከጣፋጭ በቀር በርካሽ የሚገኝ ምን አለ? የተቀቀለ ሽንብራና ቆሎ የሚሸጡ እናቶች ከበሩ ርቀው እንዲቀመጡ ተደርገዋል። ይህ የግል ቁርጠኝነት ጥያቄ ሳይሆን የአስተዳደር ጥያቄ ነው እንላለን።

ስለ ስፖርት በአጭሩ እንናገር። በሰሜን ታንዛኒያ የሚኖሩትና በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩት ሃድዛዎች በቀን የሚያወጡት ኃይል በአካላቸው መጠን ሲሰላ ከምዕራባውያን የከተማ ነዋሪዎች ብዙም እንደማይበልጥ ኸርማን ፖንዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይተዋል። ሰውነት በእንቅስቃሴ ያወጣውን በሌላ በኩል ሳይቆጥብ አይቀርም። ስለዚህ ስፖርት ብቻውን ብዙ አያከሳም፤ ለልብ፣ ለስኳር በሽታ መከላከያና የከሳው እንዳይመለስ ግን ይረዳል። ጾምም እንዲሁ የክብደት መቀነሻ ተደርጎ መወሰዱ ተገቢ አይመስለንም፤ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ሁዳዴ ሁለት ኪሎ ጨምሯል፤ ጾሙ ዳቦ፣ ድንችና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ አይከለክልምና።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ክብደትን ለመቀነስ መሞከር ከንቱ ነው የሚል ካለ አልተረዳንም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ከ3,000 በሚበልጡ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከክብደት 7 በመቶ ያህል ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ያለመ ፕሮግራም በሽታውን በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከስድስት ኪሎ የማይበልጥ ነው። በዓይን አያስደንቅም፤ በምሰሶ ላይ ቢለጠፍም ደንበኛ አይስብም። ለጤና የሚጠቅመው ግን እንዲህ ያለው መጠነኛ፣ ቀስ ያለና ለዓመታት ሊቆይ የሚችለው ነው።

አዲሶቹ መድኃኒቶችም የቁርጠኝነቱን ክርክር ከሥሩ ያናጉት ይመስለናል። ሴማግሉታይድ ከምግብ በኋላ አንጀት የሚያመነጨውን የጥጋብ ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሙከራ ተጠቃሚዎቹ በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል፤ መድኃኒቱን ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። በሳምንት አንድ መርፌ የሰውን ‹‹ባሕርይ›› የሚለውጥ ከሆነ፣ ቀድሞውኑ ባሕርይ ያልነው ነገር ምን ነበር? መድኃኒቱ ውድ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳቶችም አሉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመንገድ የሚገዛ ነገር አይደለም።

በዝግጅት ክፍላችን ሁላችንም ያልተስማማንበት ጉዳይ ግን አለ። ግማሾቻችን እንዲህ ያለው መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች ለስኳር ሕመምተኞች ብቻ ሳይሆን ውፍረቱ ለበሽታ ለሚያጋልጠው ሁሉ መሰጠት አለበት እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ ኢንሱሊን በበቂ ባልተዳረሰበት አገር ቅድሚያው ይህ ሊሆን አይችልም፤ ገንዘቡ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤቶች ቢውል ይሻላል ባዮች ነን። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶ አልተቋጨም። ከአንባብያን፣ በተለይም ከሕክምናና ከምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የሚመጣውን ጽሑፍ በፋኩልቲው ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ባለው የአስተያየት ሣጥን እንጠብቃለን።